የአጥንት ስም በካርቱም

በላቲን ቋንቋ አጥንት «ኦስ» ይባላል፤ አናባቢው አጭር ስለ ሆነ ቃሉ ቶሎ ተቈርጦ ይነገራል፣ ሲዘረዘር «ኦሲስ»፣ ሲበዛም «ኦሳ» ይሆናል፣ በሁለቱም ላይ የ«ሰ» ድምፅ ይጠብቃል። ነገር ግን በዚሁ ቋንቋ አፍም «ኦስ» ይባላልና፣ ይህ ሁለተኛው ቃል አናባቢው ተስቦ ካልተነገረ በቀር ከመጀመሪያው አይለይም፤ ልዩነታቸው ለዓይን የሚገለጠው አፍ ሲዘረዘር «ኦሪስ»፣ ሲበዛም «ኦራ» በሚሆንበት ጊዜ ብቻ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓለ ልደትን፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ጊዜን እንደሚያመለክት ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ እንዲህ ያለው የድምፅ ልዩነት እንግዳ አይሆንበትም። የሕክምና ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያጠናው ይህ ስም በዓባይ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ካርቱም በምን መንገድ እንደ ደረሰ፣ በዚያም ምን ዓይነት ጆሮ እንደ ተቀበለው በዘመን ተራ ለመተረክ አስቤአለሁ፤ ዘመናቱን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በጥንቱ ዓለም የአጥንት ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ስመ ጥር የነበረው ዓባይ ወደ ባሕር በሚገባበት አገር፣ በእስክንድርያ ነበር። በ129 ዓመት ገደማ በጴርጋሞን የተወለደው ሐኪሙ ጋሌን ወደዚያች ከተማ ሄዶ ተምሮ ነበርና፣ መምህራኑ አጥንትን በቃል ከመንገር አልፈው በዓይን እያሳዩ ስለሚያስተምሩ፣ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ እንኳ ቢሆን ወደ እስክንድርያ መሄድ እንደሚገባ በመጽሐፉ መክሯል። እርሱ የጻፈው በጽርእ ስለ ነበረ አጥንትን «ኦስቴዎን» ብሎ ጠራው፤ ለጀማሪዎች ብሎ ስለ አጥንት ያዘጋጃት ትንሽ መጽሐፍም ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ የሐኪሞች መነሻ ሆና ኖራለች።

በላቲኑ ስም ላይ ክርክር ያነሣው ግን የቤተ ክርስቲያን መምህር ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ354 ዓመት ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር በታጋስቴ ተወልዶ፣ የሂፖ ጳጳስ ሆኖ በ430 ዓመት ያረፈ አባት ሲሆን፣ በ396 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ በፈጸመው የክርስትና ትምህርት መጽሐፉ፣ ዳዊት በ138ኛው መዝሙሩ በስውር የተሠራው አጥንቱ ከፈጣሪው እንዳልተሰወረ የሚናገርበትን ስፍራ ሲመረምር፣ በላቲኑ ትርጓሜ የተጻፈው «ኦስ» አጥንት ይሁን አፍ ከፊደሉ ብቻ ሊታወቅ እንደማይችል አስተዋለ። ፊደሉ የአናባቢውን ርዝመትና እጥረት አያሳይም፤ በንግግርም ቢሆን የአፍሪካ ሰዎች ጆሮ ረዥሙን ከአጭሩ እንደማይለይ፣ ራሱ ከዚያው ሕዝብ የተወለደው ጳጳስ መሰከረ። ስለዚህም የሰዋስው ሊቃውንት የሚነቅፉትን፣ ተራው ሕዝብ ግን የሚናገረውን «ኦሱም» የሚለውን ቃል መምህሩ ሳያፍር ቢናገረው ይሻላል፣ ሰሚው ያልተረዳው ንጹሕ አነጋገር ጥቅም የለውምና ሲል ፈረደ። ከዚህ በኋላ በካርቱም የሆነውን ሁሉ የምንመዝንበት ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም።

ምዕራቡ ዓለም የጋሌንን መጻሕፍት ወደ መርሳት ባዘነበለበት ዘመን፣ በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው ክርስቲያኑ ሊቅ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ከጽርእ ወደ ሱርስትና ወደ ዓረብኛ መለሳቸው፤ ኦስቴዎንም «ዐዝም» ተባለ። ይህ የዓረብኛ ስም ለእኛ የሥጋ ዘመድ ነው፤ በግእዝ «ዐፅም»፣ በዕብራይስጥ «ዔጼም» የሚባለው ከአንድ የሴም ግንድ የወጣ ነውና፣ የአማርኛችን አጥንትም ከዚያው ግንድ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው። ሱዳኖችም በዕለት ንግግራቸው የመጽሐፉን «ዐዝም» ትተው «ዐዱም» ስለሚሉ፣ ይህም የቋንቋ ሊቃውንት ጥንት የ«ፀ» ፊደል ድምፅ ነበር ከሚሉት ጋር ስለሚገጥም፣ ዛሬ በካርቱም ገበያ የሚሰማው የአጥንት ስም በአክሱም ዘመን ከነበረው ግእዝ ጋር እጅግ ይቀራረባል።

በ1037 ዓመት ያረፈው ኢብን ሲና የሑነይንን ዘመን ትርጓሜዎች መሠረት አድርጎ ታላቁን የሕክምና ቀኖና ጻፈ፤ በ1187 ዓመት ያረፈው የክሬሞናው ጌራርዶም በስፔን አገር በቶሌዶ ተቀምጦ ይህን መጽሐፍ ወደ ላቲን መለሰው፤ እንዲህም ሆኖ አጥንት ከጽርእ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛም ወደ ላቲን ዞሮ እንደ ገና «ኦስ» ተባለ። ጌራርዶ ካረፈ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በዓባይ ዳርቻ ስለሆነው ነገር ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በ1200 ዓመት ወንዙ እንደ ልማዱ ሳይሞላ ስለ ቀረ በግብፅ ጽኑ ረኃብ ገባ፤ ሙታኑም ቀባሪ አጥተው በየሜዳው ተከመሩ። በዚያን ጊዜ በካይሮ የነበረው የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱል ለጢፍ፣ መቅስ በተባለው ስፍራ የሰው አፅም እንደ ኮረብታ ተከምሮ መኖሩን ሰምቶ ለመመርመር ሄደ። ጋሌን የታችኛው መንጋጋ በአገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ነው ብሎ ጽፎ ነበርና፣ ዐብዱል ለጢፍ ከ2,000 የሚበልጡ የራስ ቅሎችን አይቶ፣ ሌሎች ሰዎችም እርሱ በሌለበት እንዲያዩለት አድርጎ፣ መንጋጋው መጋጠሚያም ሆነ ስፌት የሌለበት አንድ አጥንት መሆኑን አረጋገጠ፤ ጋሌን ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን ዓይን ከእርሱ ይልቅ የታመነ ምስክር ነው ብሎም ጻፈ። በሌሎች ሕይወት ማለፍ የተገኘ እውቀት ነውና ሳነበው ሁልጊዜ ኀዘን ይሰማኛል፤ ሆኖም የእነዚያ ምስኪኖች አፅም ለሺሕ ዓመት የኖረውን ስሕተት አርሟል።

በአውሮፓ ይኸው እርማት የተስፋፋው ቬሳልዮስ በ1543 ዓመት በባዝል ከተማ ታላቁን የሰውነት አካል መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ነው፤ በዚያም መጽሐፍ ከላቲኑና ከጽርኡ ጐን የአጥንቶቹን የዕብራይስጥና የዓረብኛ ስሞች አስቀምጧል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም ስላወጡ የአካል ክፍሎች ስም እስከ 50,000 ደረሰ ይባላል፤ በ1895 ዓመት የጀርመን የአናቶሚ ሊቃውንት በዚያው በባዝል ተሰብስበው ወደ 5,000 ያህል አወረዱት። በዚያ መዝገብ ጋሌን ስም ሳያወጣለት በመቅረቱ «ስም የሌለው አጥንት» ሲባል የኖረው የዳሌ አጥንት «ኦስ ኮክሲ» ተባለ፤ ቀድሞ «ኦስ ካልሲስ» ይባል የነበረውም የተረከዝ አጥንት «ካልካኔዩስ» ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ ስብሰባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898፣ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በኦምዱርማን አጠገብ በከረሪ ሜዳ ያን ጊዜ ሱዳንን ይገዛ የነበረውን የኸሊፋውን ሠራዊት ድል አደረገ፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ሱዳናውያንም በአንድ ማለዳ ወደቁ። የጦሩ አዛዥ ኪችነር ቀድሞ በካርቱም በተገደለው በእንግሊዛዊው ጄኔራል በጎርደን ስም ኮሌጅ ለማቆም ከአገሩ ሰዎች ገንዘብ ለምኖ በ1902 ዓመት አስከፈተው፤ የመድኃኒት ነጋዴው ሄንሪ ዌልካምም የሐሩር አገር በሽታዎች የሚጠኑበትን ቤተ ሙከራ ለዚሁ ኮሌጅ ሰጠ። ኪችነር በ1916 ዓመት ከነመርከቡ በባሕር ከሰጠመ በኋላ መታሰቢያ እንዲሆነው የታሰበው የሕክምና ትምህርት ቤት በካርቱም በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1924 በስሙ ተከፈተ፤ ስሙ የእንግሊዛዊው ይሁን እንጂ፣ ትውልዱ ከወደ ፋርስ የሆነ በካርቱም የተቀመጠ ነጋዴ አሕመድ ሙሐመድ ሃሺም ባግዳዲ ሀብቱን ለትምህርት ቤቱ ዋቅፍ፣ ማለት ለበጎ ሥራ የሚውል ቋሚ ስጦታ፣ አድርጎ ስላወረሰ ብዙ ድሀ ተማሪ በእርሱ ገንዘብ ተምሯል።

ይህ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ግን በወንዙ ማዶ፣ በኦምዱርማን፣ ሜብል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት በ1921 ዓመት የአዋላጆች ትምህርት ቤት አቋቁማ ነበር። ወደ እርስዋ የሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ ፊደል ያልቈጠሩ ስለ ነበሩ ትምህርቱ የሚሰጠው በሱዳን ዓረብኛ ነበር፤ መድኃኒቱንም በጽሑፍ ፈንታ በቀለሙ፣ በጠረኑና በጣዕሙ እንዲለዩ ተደርጎ ነበር። የማሕፀን አፍ ለእነርሱ አፍ ነበር፣ አጥንትም አጥንት፤ ሁለቱ የሚምታቱበት ምክንያት አልነበረም። አውግስጢኖስ ያሰበው መምህር በአፍሪካ ምድር ሥራውን ሲሠራ ያየሁት በእነዚህ አዋላጆች ታሪክ ነው።

በካርቱም የወንዶቹ ትምህርት ቤት ግን ሥርዓቱ ሌላ ነበር፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ የአጥንቱም ስም በላቲን ሲሆን፣ ላቲኑ የሚነበበው ሮማውያን ያነቡት በነበረው ዓይነት ሳይሆን እንግሊዛውያን በአገራቸው ባስለመዱት አነባበብ ነበር። የጥንቱ ሮማዊ «ካልኪስ»፣ የኢጣልያ ካህን «ካልቺስ» የሚለውን ቃል እንግሊዛዊው «ካልሲስ» ይለዋል፤ ሮማዊው «ኮክሳይ»፣ ካህኑ «ኮክሴ» የሚሉትንም «ኮክሲ» ብሎ ያነባል። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ አጥንት የሆነውን «ኦስ» እና አፍ የሆነውን «ኦስ» እንግሊዛዊው ሐኪም በአንድ ዓይነት አጭር ድምፅ መናገሩ ነው፤ ስለዚህ ጧት በአናቶሚ ክፍል ስለ አጥንት «ኦስ» ሲባል የሰማ ተማሪ ከቀትር በኋላ በወሊድ ክፍል ስለ ማሕፀን አፍ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ይሰማል። ዓረብኛ ተናጋሪው የሱዳን ተማሪ ግን ረዥሙን አናባቢ ከአጭሩ መለየትን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው፤ በቋንቋው «ከተበ» ጻፈ፣ «ካተበ» ደግሞ ተጻጻፈ ነውና። የሂፖው ጳጳስ በአፍሪካውያን ጆሮ ላይ የተናገረው ነቀፋ በካርቱም ተገልብጦ፣ ሊለይ የሚችለው ተማሪው፣ የማይለየው መምህሩ ሆነ።

ለሱዳኑ ተማሪ አስቸጋሪ የነበረው ሌላ ነበር። ዓረብኛ «ፐ» እና «ቨ» የሉትምና የጉልበቱ ሎሚ «ፓቴላ» በብዙ አንደበት «ባቴላ»፣ የአፍንጫው ውስጥ አጥንት «ቮመር»ም «ፎመር» ይሆናል። ስሞቹም ራሳቸው አልረጉም፤ እንግሊዛውያን በ1933 ዓመት በበርሚንግሃም የራሳቸውን መዝገብ ስላወጡ፣ ቀድሞ «ኦስ ማግኑም» የተባለው የእጅ አንጓ አጥንት «ካፒቴት»፣ «ሰሚሉናር» የተባለውም «ሉኔት» ተብሎ መጠራት ጀመረ፤ ታላቅ ወንድሙ በአንድ ስም ያጠናውን አጥንት ታናሹ በሌላ ስም ያጠናው ዘንድ ግድ ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውጭ ሱዳኖች «በሲር»፣ እኛ ወጌሻ የምንለው ባለሙያ፣ ከአባቱ በተማረው ዘዴ የተሰበረውን እየዳሰሰ ሲጠግን ይኖር ነበር፤ የላቲን ስም አንድም አያውቅም፣ ታማሚው ግን የሚነግረውን ሁሉ ይረዳው ነበር።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት በዚያው በ1924 ዓመት፣ ከካርቱም ወደ ደቡብ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው በሲንጋ፣ ቦንድ የተባለው የአውራጃው ገዥ ከወንዙ ዳርቻ በደረቀ ኖራ የተለበጠ የሰው ራስ ቅል አገኘ። ራስ ቅሉ ወደ ለንደን ተልኮ እንግሊዛዊው ሊቅ ስሚዝ ውድዋርድ በ1938 ዓመት ስለ እርሱ ጻፈ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተደረገው ምርመራም ዕድሜውን ወደ 133,000 ዓመት አደረሰው፤ በራጅ ጥበብ ውስጡ በታየ ጊዜም በቀኙ ጆሮ ስፍራ መኖር የነበረበት ጠመዝማዛው ዋሻ አለመኖሩ ተገለጠ፤ ሐኪሞችም ስፍራው ወደ አጥንት ተለውጦ ሳይደፈን አልቀረም አሉ፤ ይህን ዓይነቱን መለወጥ ከ«ኦስ» በወጣ ቃል «ኦሲፊኬሽን» ይሉታል። ያ ሰው ከእኛ ተራሮች በሚወርደው ወንዝ ዳር በአንድ ጆሮው ብቻ እየሰማ ኖሮ ይሆናል።

በካርቱም ራስዋ ደግሞ ጥንታውያኑ ሙታን ከሐኪሞቹ እግር ሥር ወጡ። የሱዳን የአርኬዎሎጂ ኮሚሽነር የነበረው አርከል በ1944 እና በ1945 ዓመት መካከል በከተማው ሆስፒታል አጠገብ ባስቈፈረው ስፍራ፣ ከስምንት ሺሕ ዓመት በፊት ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች መንደር ተገኘ፤ የሸክላ ስባሪያቸው የውኃ ሞገድ በሚመስል መሥመር ያጌጠ፣ የዓሣ መውጊያቸውም ከአጥንት ተፍቆ በአንድ ጐኑ ጥርስ የወጣለት ነበር። የተቀበሩትን ሰዎች አፅም የመረመረው ዳግላስ ዴሪ፣ ማለት በ1925 ዓመት የቱታንክሃሙንን ሬሳ የመረመረው የካይሮው የአናቶሚ መምህር፣ የላይኛው ፊት ጥርሳቸው በሕይወት ሳሉ የወለቀ መሆኑን ተመለከተ፤ አርከልም ሁሉን አጠቃሎ በ1949 ዓመት በመጽሐፍ አሳተመው። የመንደሩ ሰዎች አጥንትን በምን ስም ይጠሩት እንደ ነበር የሚነግረን የለም።

በ1951 ዓመት የኪችነር ትምህርት ቤት ከጎርደን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1955 ዓመት የዓለም የአናቶሚ ሊቃውንት በፓሪስ ተሰብስበው ላቲኑን መዝገብ እንደ ገና አስማሙት፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ሱዳን ነፃነትዋን አወጀች፣ በዚያውም ዓመት ኮሌጁ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ነፃነቱም የቋንቋን ጥያቄ ይዞ መጣ። ከኪችነር ትምህርት ቤት በ1935 ዓመት የተመረቀው፣ በአእምሮ ሕክምና ስሙ በአፍሪካ የታወቀው፣ በኋላም የአገሩ የበላይ ምክር ቤት አባል የሆነው ዶክተር ቲጃኒ አል ማሒ በ1959 ዓመት የዓረብ ሕክምና ታሪክ መግቢያ የተባለውን መጽሐፍ በዓረብኛ አወጣ። በእንግሊዝኛ የተማረ ሐኪም የሑነይንንና የኢብን ሲናን ዘመን ለወገኖቹ በቋንቋቸው መተረኩ ያን ጊዜ ታላቅ ሥራ ነበር። በ1973 ዓመት የዓረብ ሐኪሞች ኅብረት አንድነት ያለው የሕክምና መዝገበ ቃላት አሳተመና «ክላቪክል» ተርቁዋ፣ «ሳክሩም» ዐጁዝ፣ «ኮክሲክስ» ዑስዑስ ተብለው በጥንት ስማቸው ተመለሱ።

መንግሥት በ1990 ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ሁሉ በዓረብኛ ይሁን ብሎ ባዘዘ ጊዜ ግን ነገሩ እንደ መዝገበ ቃላቱ በሰላም አልሄደም። ትእዛዙ የመጣው መጻሕፍቱ ሳይተረጐሙ፣ መምህራኑም ሳይዘጋጁ ነበር፤ ዓረብኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነው የደቡቡ ተማሪም አንዱን ባዕድ ስም በሌላ ባዕድ ስም እንዲለውጥ ተገደደ። እኔ በበኩሌ ሐኪም ለወገኑ በወገኑ ቋንቋ ይናገር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይሁን እንጂ በትእዛዝ የተጫነ የአገር ቋንቋ፣ ሰሚው ካልተረዳው፣ ከላቲኑ የሚሻልበት ነገር የለውም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥፋት ስለ ስም መከራከርን የሚያስረሳ ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ተማሪዎቹም ወደ ግብፅ፣ ወደ ቻድ፣ ወደ አገራችንም ተሰደዱ። በጁን ወር መጀመሪያ ታጣቂዎች በብሔራዊው ሙዚየም ውስጥ ጥንታዊ አፅም ወደሚጠናበት ቤተ ሙከራ ገብተው ሣጥኖቹን ሲከፍቱ ራሳቸውን በምስል ቀረጹ፤ በምስሉም ላይ ለብዙ ዘመናት በአሸዋ ውስጥ ተጠብቆ የኖረው አፅም የቀድሞው መንግሥት የገደላቸው ሰዎች አስከሬን ነው ሲባል ተሰማ። አጥንቱን አገላብጦ ማንነቱንና ዘመኑን የሚነግራቸው ሊቅ በዚያ ሰዓት በአጠገባቸው አልነበረም።

የእኛም ተማሪዎች በ1954 ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ ላቲኑን በእንግሊዝ አፍ ሲያጠኑ ኖረዋል፤ ያንን ትተው ከዓለም እውቀት ይለዩ የሚል ሰው አይገኝም። ሆኖም በቤተ ክርስቲያናችን የመልክዕ ድርሰት ዘወትር የሚደግም ካህን ርእስን፣ ክሳድን፣ መታክፍትን፣ መዝራዕትን፣ ኵርናዕን፣ ገቦን፣ ሐቌን፣ አብራክን፣ ሰኰናን በተራ እየጠራ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል፤ መትከፍትን ከዓረቡ ከቲፍ፣ ብርክንም ከሩክባ ጋር ስናስተያይ ስሞቹ በካርቱም ካሉት ጋር የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ይታወቃል። ስለዚህ በጎንደርና በአዲስ አበባ የምትገኙ የሕክምና መምህራን ከቅኔና ከመጻሕፍት መምህራን ጋር በአንድነት ተቀምጣችሁ፣ ላቲኑን ከነትክክለኛ አነባበቡ፣ ግእዙንና አማርኛውን ከጐኑ አድርጋችሁ የአጥንትን ስም በአንድ መዝገብ እንድታወጡልን እለምናችኋለሁ፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አጥንት 206 ብቻ ስለ ሆነ፣ ሥራው ከአንድ ክረምት አያልፍም።